የሳፊያ አምስት ዓመት

ደሴ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ፀጋዬ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እንደምን ከረምክ እያልኩ ገጽ አልሞላም፤ ደህና ብትሆን ኖሮ አራት ገጽ አትጽፍልኝም ነበር። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሐረጎ ተራራ ላይ ጭጋግ በወረደ ቁጥር ስለሚጠዘጥዘኝ፣ ኮምቦልቻ ድረስ መጥቼ ክፍልህን አያለሁ ያልኩህን እርሳው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። «ጓድ መምህርት» ብለህ አትጻፍልኝ። በሰባት ዓመትህ አፍንጫህን የጠረግሁልህ ሴት ጓድህ ልሆን አልችልም።

በአንድ ክፍል ዘጠና አራት ልጅ እንዳለህ አምናለሁ። ለሦስት በተሠራ ወንበር አምስት መቀመጣቸውን፣ አንድ መጽሐፍ ለስድስት ልጅ መድረሱን፣ የጠዋቱ ፈረቃ ሳይወጣ የከሰዓቱ በሩን መግፋቱንም አምናለሁ። ወላጆች መጥተው «ልጃችን ስምንተኛ ደርሶ ደብዳቤ ማንበብ አልቻለም» ማለታቸው ግን ሊያስቀይምህ አይገባም። እውነታቸውን ነው። አለንጋ ልያዝ ወይ ላልከኝ፣ አትያዝ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የያዝኩት ሠላሳ ልጅ ስለነበረኝ ነው። ዘጠና አራት የሚገርፍ ክንድ አልተፈጠረም።

ስም ጥራ። በየማለዳው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ለክፍሉ አለቃ ሳትሰጥ በራስህ አፍ ጥራ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል ትላለህ። ይፍጅ። ስሙን ጥራ፣ ቀና በል፣ ፊቱን እይ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፍ። ከዘጠና አራት ልጅ አብዛኞቹ በቀን ውስጥ የሚደርሳቸው መምህር ያ አንድ እይታ ብቻ ነው።

ጆሮዋ ይሆን ብለህ ስለጠየቅኸኝ ልጅ። ሳፊያ የሱፍ ተብላ ሁለት ጊዜ ካልተጠራች «አቤት» የማትል፣ የሒሳብ ጥያቄ ሲሆን ግን ገና ሳትጨርስ እጇን የምታወጣ ልጅ ጆሮዋ ደህና ነው። ስሙ የእሷ አይመስለኝም። አባቷን አስጠራ።

አረጋሽ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አረጋሽ፣

ጉልበትዎን ምሕረት ያድርግልዎ። «ጓድ» ስላልኩዎ ይቅርታ፤ እጄ ለምዶት ነው። ይህን በፖስታ ልልከው ስላልፈለግሁ ለሾፌሩ ለአብዱልወሀብ ሰጥቼዋለሁ። መልስዎንም ለእሱ ይስጡልኝ።

እንዳሉት ነው። አባትየው ጋሽ የሱፍ ከእርሻ ቀጥ ብለው መጡ። ይሸማቀቃሉ ብዬ ነበር።

«ይቺ ልጅ ሳፊያ ናት?» አልኳቸው።

«ሳፊያማ ገራዶ ናት። ከተዳረች ሦስተኛ ዓመቷ። ይቺ ታናሿ ለይላ ናት።»

«ታዲያ መዝገቡ ለምን ሳፊያ ይላል?»

«ወንበሩ የቤቴ ነዋ።» የማይገባኝ እኔ እንደሆንኩ አዩኝ። «ስማኝ መምህር፤ አንተ የከተማ ልጅ ነህ። ወንፈል ገብቼ የጎረቤት እርሻ ላይ አንድ ቀን ዕዳ ቢኖርብኝና ብታመም፣ ወንድሜን እልካለሁ። ቀኑ ይሞላል። ማን መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚታየው ሥራው ነው። ሳፊያ ስትዳር ወንበሯ ባዶ ሊቀር ሆነ፤ ለይላን ላክሁ። ወላሂ ከዚያችኛዋ አታንስም።»

የምስክር ወረቀቱ በሳፊያ ስም እንደሚወጣ ነገርኳቸው። «ለቤቱ ይወጣል» አሉኝ። ሲሄዱም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አብሽር» አሉኝ፤ የተጨነቅሁት እኔ ነበርኩና።

ለይላን ለብቻዋ ጠየቅኋት። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ክፍል የተማረችው እቤቷ ነው። ሳፊያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የዕለቱን ትምህርት ደግማ ታስተምራት ነበር፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ ስሟን እየጠራች። ሳፊያ ስትዳር ለይላ ስድስተኛን በእህቷ ስም ገባች። አሁን ከክፍሌ አንደኛ ናት።

ዝም ብል የሚያውቅ የለም። ሰኔ ላይ ትፈተናለች፣ ታልፋለች፣ ዕድሜዋን ሁሉ ሳፊያ ተብላ ትኖራለች። ዝም ማለት ልክ አይመስለኝም፤ መናገርም ያስፈራኛል። የሚሉኝን አደርጋለሁ።

ተማሪዎ ፀጋዬ


ደሴ፣ ኅዳር 11 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ፀጋዬ፣

መልሱን እያወቅህ ነው የጠየቅኸኝ። ዝም አትበል።

የአቶ የሱፍን ነገር አልንቀውም፤ አስቦበታል። ግን በወንፈል የታጨደ ጤፍ ማን አጨደኝ ብሎ አይጠይቅም። የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ዛሬ ብትሸፍንላት ነገ አሥራ ሁለተኛ ደርሳ፣ ወይ ሥራ ልትቀጠር ስትል፣ አንዱ ምቀኛ ይነሣና ያቺ ልጅ በሰው ስም የምትኖር ሌባ ትባላለች። ያኔ አንተ አጠገቧ አትሆንም።

መዝገብ መሐላ ነው። እኔ የእህቴን ልጅ በግማሽ ማርክ ጥያለሁ፤ እህቴ እስክትሞት ድረስ ያቺን ግማሽ ማርክ ስታነሣብኝ ኖራለች። ዛሬም ቢሆን እጥለው ነበር።

ለዲሬክተሩ ንገር። አባትየውን ይጥራ፣ አንዱን ስም ሰርዞ ሌላውን ይጻፍ፣ ይፈርም። በእኔ ጊዜ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነበር።

አረጋሽ


ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእትዬ አረጋሽ፣

ሳልጽፍ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ነገሩ ከዲሬክተሩ ወደ ወላጆች ኮሚቴ፣ ከኮሚቴው ወደ በላይ ሄዶ ተመለሰ። ለይላ የሱፍ የምትባል ተማሪ በመዝገብ ስለሌለች ክፍል ውስጥ ልትቀመጥ አትችልም ተባለ። ሳፊያ የሱፍም ተፈልጋ ስላልተገኘች አቋርጣለች ተብላ ተሰረዘች። በአንድ ቀን ሁለቱም ወጡ።

ደብተሯን ሰብስባ ስትነሣ ዘጠና ሦስቱ ዝም አሉ። ለምኜ የማላገኘው ዝምታ ነበር።

ጋሽ የሱፍ አልተቆጡኝም። በሩ ላይ ቆመው «ወንበሩን ለማን ሰጣችሁት?» ብቻ አሉኝ። ማንም እንዳልተቀመጠበት ስነግራቸው የበለጠ ገረማቸው። ለሚያዝያ ለይላን ለትዳር የሚጠይቅ ሰው አለ ይባላል፤ እስካሁን ትማራለች እየተባለ ሲመለስ ነበር።

እርስዎን አልወቅስም። ይህችን መስመር ግን ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኳት።

ፀጋዬ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ፀጋዬ፣

አምስት ደቂቃ ብዬህ ነበር። ይቅርታ የሚለውን ቃል አሁን አልጽፍም፤ ይቅርታ ጽፎ ቁጭ ማለት ይቀላል። እኔ ደግሞ ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወዲህ ቁጭ ማለት አቅቶኛል። እነሣለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ጎረቤቴ ወለተ ማርያም «ምን ጠፋብሽ?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት።

ከፒያሳ ቁልቁል ወርጄ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም። ጉዳዩን የያዘው ወርቅአፈራሁ ነው፤ ካንተ ስድስት ዓመት ቀድሜ ያስተማርኩት። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ። በልጅነቱም ጥሩ አድርጎ ይነሣ ነበር፤ መልሱ ነበር የሚያስቸግረው። ሰኞ ይምጡ ይለኛል። ሰኞ ስሄድ ስብሰባ ነው። ማክሰኞ ስሄድ እሱም ስብሰባ ነው። በአራተኛው ቀን በሩ ሥር በርጩማ አስቀምጬ ተቀመጥሁና ሹራብ መሥራት ጀመርኩ። ያኔ አስገባኝ። አይቶ እንደሚያሳውቀኝ ቃል ሰጥቶኛል።

ሁለት ነገር አድርግልኝ። የፈተናው ቅጽ መመለሻ ቀን መቼ እንደሆነ አጣርተህ ጻፍልኝ። ለይላንም ትምህርቱ አይለፋት፤ ሌላው ቢቀር ሒሳቡን። አባቷን ደግሞ አትለማመጠው፤ «ጥቂት ይታገሡኝ» ብቻ በለው። የሚለመን ሰው ይኮራል፤ የሚጠየቅ ሰው ያስባል።

አረጋሽ


ኮምቦልቻ፣ ጥር 17 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእትዬ አረጋሽ፣

ቅጹ የካቲት 20 ይዘጋል። አንድ ቀን አይጨመርም ተብሏል።

ጋሽ የሱፍ እንዲህ አሉኝ፦ «ወንበር ካገኘች ትቀመጣለች። ካላገኘች ባል ቤትም ወንበር አለ።» እየቀለዱ ይሁን እየቆረጡ አልለየሁም። ሚስታቸው ሐዋ ግን ከኋላቸው ሆነው በእጃቸው ታገሥ የሚል ምልክት ሰጡኝ።

ለይላ የከሰዓቱ ፈረቃ ሲወጣ ትመጣለች። ክፍሉ ባዶ ሲሆን እንኳ ወደ ውስጥ አትገባም፤ ደረጃው ላይ ነው የምንሠራው። ትናንት የሰጠኋትን ሰባት ጥያቄ ሠርታ ስምንተኛውን እሷ ሰጠችኝ። አልቻልኩትም። ሳቀችብኝ። ከወጣች ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ትናንት ነው።

ለሳፊያ ስለ መንገርም ከለይላ ጋር ተነጋግረናል። ታላቅየዋ እንድትሰማ አትፈልግም ነበር፤ «እህቴ ያስተማርኳት በከንቱ ነው ትላለች» ብላ። እኔ ግን ያለ ሳፊያ ነገሩ የሚሆን አይመስለኝም። ገራዶ ለእርስዎ ይቀርባልና ያስጠሯት። የባሏ ስም ጀላል ነው፤ ገበያው አጠገብ ጨው ይሸጣል።

ፀጋዬ


ደሴ፣ የካቲት 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ፀጋዬ፣

ሳፊያ መጣች። ሕፃን አዝላ፣ ላብ አጥምቋት፣ ገና በሩን ሳታልፍ፦

«እትዬ፣ ስሜ ስምንተኛ ደርሷል አሉኝ» አለችኝ። «እኔ አምስተኛ ላይ ነው የቀረሁት። ያለ እኔ መሄዱ ሸጋ ነው።»

የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም።

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሕፃኑን ስታወርድ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ጋዜጣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ እንዳየኋት ስታውቅ ተወችው።

አሁን የመሥሪያ ቤቱን መልስ ልንገርህ። ከአንደኛ ያልጀመረ ስድስተኛ አይገባም፤ ደንቡ ይኸው ነው። ለይላ በስድስተኛ ገባች ብለን እውነቱን ብንጽፍ፣ ስድስተኛም ሰባተኛም ይፋቅባታል። ወርቅአፈራሁ ያገኘው መንገድ አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ «ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማረችው ለይላ ናት፤ የታላቂቱ ስም የተጻፈው በምዝገባ ስሕተት ነው፤ ሳፊያ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም» ይላል። ሳፊያ ትፈርማለች። አንድ የታወቀ መምህር ይመሰክራል። የታወቀው መምህር እኔ ነኝ።

«የሆነውን ለምን አትጽፈውም?» አልኩት።

«የሆነውን የሚቀበል ቅጽ የለንም፣ እትዬ» አለኝ። ሲቀልድ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለሳፊያ ሳልቀንስ ነገርኳት። «አምስቱን ዓመት ትተይዋለሽ ማለት ነው» አልኳት።

«ካርዶቼ ሣጥን ውስጥ አሉ» አለች። «በሒሳብ አንደኛ፣ በአማርኛ ሦስተኛ። አራተኛ ክፍል ላይ ታምሜ ነው ሦስተኛ የሆንኩት።» ከዚያ ሕፃኑን መልሳ አዘለች፤ መቀነቷን ለማሰር ብዙ ጊዜ ወሰደባት። «ወላሂ በዪ ካሉኝ አልልም። ይህን ይንገሩልኝ። በውሸት አልምልም። መፈረም ብቻ ከሆነ ግን አላህ ያየኛል።»

የምፈርም እኔ፣ የምመሰክር እኔ። በዕድሜዬ ያልሆነውን ሆነ ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት የለም። በዚህም የተነሣ ሰዎች ጠልተውኛል፤ ጥላቻቸውን እንደ ደመወዝ ተቀብዬዋለሁ። ምን ትመክረኛለህ ብዬ አልጠይቅህም። እኔ አንተን የመከርኩህ ለሁለታችን ይበቃል።

እስከ 20 ድረስ አሥራ አራት ቀን አለ።

አረጋሽ


ደሴ፣ የካቲት 16 ቀን 1974 ዓ.ም.

ፀጋዬ፣

ወረቀቱን አብዱልወሀብ ይሰጥሃል። ፖስታው የታሸገ ነው፤ ሳትከፍተው ለዲሬክተሩ ስጥ። ማኅተምም ቁጥርም አለው። ዛሬውኑ ቅጹን አስሞላት። ፎቶግራፉ በሻሽ ሳይሆን ፊቷ በደንብ የሚታይበት ይሁን፤ በኋላ ይህችኛዋ አይደለችም የሚል እንዳይነሣ።

ስለ አፈራረሙ አትጠይቀኝ።

አረጋሽ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 29 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእትዬ አረጋሽ፣

አትጠይቀኝ ስላሉኝ አልጠየቅሁም ነበር። አሁን ግን ሳልጠይቅ የማልችልበት ነገር ገጠመኝ።

መልካሙን ላስቀድም። ቅጹ በ19 ገባ። ለይላ ክፍል ውስጥ ናት፤ በመዝገቡ መጨረሻ፣ ከሁሉም በታች፣ በራሷ ስም። ጋሽ የሱፍ ጠያቂውን ሰውዬ «ከክረምት በኋላ እናያለን» ብለው መልሰውታል። እኔን ሲያገኙኝ ደግሞ «አየህ፣ ወንበሩ ተገኘ» አሉኝ፤ እሳቸው እንዳስገኙት ሁሉ። ሳልከራከር ተውኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ሳፊያ ወላጆቿን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ለይላ እንደ ድሮው ደብተሯን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች፤ አንድ የክፍልፋይ ጥያቄ አስቸግሯት። ሳፊያ ደብተሩን አልተቀበለቻትም። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለቻት። ለይላ የምትቀልድ መስሏት ደገመችላት። «ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። መምህርሽን ጠይቂ» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ለይላ ሰኞ ዕለት ዐይኗ አብጦ መጣች። እህቴ ቀየመችኝ ትላለች። ምን አድርጌያት ነው ትለኛለች። ዲሬክተሩ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል፤ እኔም አላየሁት። ምን ብዬ ልንገራት?

ፀጋዬ


ደሴ፣ መጋቢት 8 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ፀጋዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ቀን ስጀምረውና ስተወው ቆየሁ። እነግርሃለሁ፤ አንብበህ አቃጥለው።

ሳፊያ በፊርማው ዕለት ለዒድ የሚለበሰውን ልብሷን ለብሳ መጣች። ሕፃኑን ለወለተ ማርያም ትተን ሁለታችን ሄድን። ወርቅአፈራሁ ወረቀቱን ዘረጋልን። እኔ መነጽሬን እስካደርግ እሷ አንብባ ጨርሳ ነበር። «ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም» የሚለው ላይ ስትደርስ ዐይኗ ቆሞ እንደገና ወደ ላይ ሲመለስ አየሁት። ከዚያ እጇን ዘርግታ ከጠረጴዛው ላይ ብዕሩን አነሣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አላት።

«ልፈርም።»

«በብዕር?»

ገና አልገባትም። እኔም ገና አልገባኝም ነበር።

«እህቴ፣ ትምህርት ቤት ገብታ የማታውቅ ሴት ስሟን በብዕር ጽፋ ከፈረመች፣ ወረቀቱን የሚያየው ሰው ምን ይላል?» አለ።

«በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተማረች በል» አልኩት።

«የዘመቻው ምስክር ወረቀቷ የታለ፣ እትዬ?»

ክፉ ሰው አይደለም። በእድሜው አንድ ጊዜ ትክክል መለሰልኝ፤ ያም ለዚህ ሆነ።

ሳፊያ ብዕሩን ቶሎ አላስቀመጠችውም። ክዳኑን ፈልጋ ከደነችው፤ ቀጥ አድርጋ አጋደመችው። ከዚያ ቀኝ እጇን ሰጠችው። በጣት ፈርማ አታውቅምና አደራረጉን እሱ አሳያት፤ አውራ ጣቷን ይዞ ቀለሙ ላይ ጫነው፣ አንሥቶ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። የመጀመሪያው ደበዘዘ። «ድገሚው» አላት። ደገመችው።

በዚሁ አላበቃም። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ሳትመዘገብ አትወጣምና፣ ለገራዶ ቀበሌ የመሠረተ ትምህርት ጀማሪዎች ዝርዝር ላይ ስሟን አሠፈረው። በሳምንት ሦስት ቀን ትገባለች።

«ከሀ ነው የምጀምረው?» አለችው።

«ከሀ» አላት።

ስለዚህ ለይላን አልቀየመቻትም። የፈረመችበትን እየጠበቀች ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም ብላ ከፈረመች በኋላ፣ ቅዳሜ መጥታ ክፍልፋይ ብታስተምር ወረቀቱን ቀደደችው ማለት ነው፤ የሚያይ አለ፣ የሚያወራ አለ። እስከ ሰኔ ድረስ የማታውቅ ሆና ትቆያለች። ለይላ ከፈተናው አዳራሽ ስትወጣ ንገራት፤ ከዚያ በፊት አንዲት ቃል እንዳታወጣ። አሁን ብትሰማ የእህቷን አምስት ዓመት ላስመልስ ብላ ወንበሩን ትታ ትሄዳለች፤ እንደዚህ ያሉ ልጆች ናቸው። ክፍልፋዩን አንተ አስተምራት። ካልቻልክ ጻፍልኝ።

የጀመርኩትን ልጨርስ። ከጣቷ ቀጥሎ የምስክሩ ተራ ነበር። እምቢ ለማለት ጊዜ ነበረኝ። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ጠበቅሁ። ሳፊያ እጇን ከልብሷ አርቃ፣ ጣቷን ዘርግታ፣ እኔን ሳይሆን መስኮቱን ታይ ነበር። ብዕሩን አነሣሁ፤ እሷ የከደነችውን ክዳን ከፈትኩ። ከአውራ ጣቷ ሥር ስሜን ከነአባቴ፣ ያስተማርኩበትን ዘመን ሠላሳ አንድ ዓመት ብዬ ጻፍኩ። በልጅነቴ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሴቶች እጄን በማስመሪያ እየመቱ እንዳስተማሩኝ፣ መስመሩን ሳልለቅ፣ አንድ ፊደል ሳላጋድም፣ በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ ባማረ ጽሕፈት ነው የጻፍኩት። ያን ወረቀት የሚያይ ሰው ሁሉ እውነት ነው ይላል።

አረጋሽ